ትከሻዬ አልወርድ አለኝ፤ ገላችሁ ተወጥሮ የሚውል ሰዎች ምን አደረጋችሁ?

የመኪና ግርግሩ (ሐረር)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ጁገል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወስደው በመኪና ግርግር መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬ 43 ነው። ከ19 ዓመቴ ጀምሮ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጫለሁ።

ሥራዬ መለካት ስለሆነ የሰው ትከሻ አውቃለሁ። አንዱ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ያለ ደንበኛ ገና ከበር ሲገባ ይታየኛል፤ ኮቱን ስቆርጥ ለዝቅተኛው ወገን ስፖንጅ እጨምርለታለሁ። የራሴን ግን አይቼው አላውቅም። ባለፈው ወር ለራሴ ኮት ልቆርጥ ብዬ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ከጀርባዬ ቆሞ ሜትሩን ዘረጋና «አባቴ፣ ትከሻህን ልቀቀው እንጂ» አለኝ። ለቅቄዋለሁ አልኩት። «አልለቀቅከውም፣ ጆሮህ ሥር ነው ያለው» አለኝ። በመስተዋት ስመለከተው እውነቱን ነው። ወደ ታች ገፋሁት፤ ሜትሩን ሲያነሣ ተመልሶ ወጣ።

ሕመሙ ከጀመረኝ ሦስት ዓመት አልፎታል። ከማጅራቴ ይነሣና በጭንቅላቴ ኋላ በኩል ይወጣል። ጠዋት ስነሣ ሌሊቱን ሙሉ ጠንካራ ነገር ሳኝክ ያደርኩ ይመስል መንጋጋዬ ዝሎ አገኘዋለሁ። ከቀትር በኋላ በሁለቱ ትከሻዎቼ መካከል አንድ የጣት ጫፍ የምታህል ቦታ እንደ ፍም ትለበልበኛለች። ሶላት ላይ ግንባሬ መሬት ሲነካ ብቻ ቀለል ይለኛል። ረመዳን ጋምሶ የሸዋል ኢድ ልብስ መደራረብ ሲጀምር ደግሞ አንገቴን ማዞር እስኪያቅተኝ ጨምድዶ ይይዘኛል።

ሁለት ቦታ ታይቻለሁ። ራጅ ተነሣሁ፣ ደም ሰጠሁ። «አጥንትህ ደህና ነው፣ ምንም የለብህም» ተባልኩና የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወጋሁ። መርፌው ሦስት ቀን ያቆየኛል፤ በአራተኛው ቀን ያው ነኝ። ከሕመሙ ይልቅ «ምንም የለብህም» የሚለው ቃል ጎድቶኛል። ያለብኝ እኔ ነኝና አለብኝ። ምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ፣ ወይም በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ።


ፈረስ መጋላ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ወንድሜ፣ ይህ ብርድ ነው። ላብህ ሳይደርቅ በር ላይ ትቀመጣለህ፣ የጁገል ነፋስ ደግሞ በየጠባቡ መንገድ እየተሳበ ነው የሚመጣው። ጥቁር አዝሙድ ዘይት ለብ አድርገህ ማታ ማታ ታሽበት። ካልለቀቀህ አንድ ጎበዝ ወጌሻ አውቃለሁ፤ አንገትን በአንድ ጊዜ ቀጭ አድርጎ ይመልሳል።


ባለወስፌዋ (ሐረር)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

መንጋጋህን ስታነሣ ደነገጥኩ፤ እኔንም እንደዚሁ ያደርገኛል። ሞሰብ እሰፋለሁ። ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለልኩ ወስፌውን በወጋሁ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። ይህንን ያየችብኝ የስድስት ዓመት ልጄ ናት። «እማዬ፣ ለምን ትቆጫለሽ?» አለችኝ። አልተቆጣሁም ነበር። መልስ የሚሰጥህ ሰው ካለ እኔም እከታተላለሁ።


ፊዚዮ ከሳቢያን (ድሬዳዋ)
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ጤና ይስጥልኝ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ድሬዳዋ ነው የምሠራው። ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፣ ታገሡኝ። ይህ ጉዳይ በየቀኑ ፊቴ ይቀርባል፣ በሦስት ደቂቃ ምርመራ ውስጥ ግን ማስረዳት አይቻልም።

«ምንም የለብህም» ከተባልከው ልጀምር። ራጅ የሚያሳየው በዋናነት አጥንትን ነው። ጡንቻ ሥራ ላይ ይሁን ዕረፍት ላይ ከራጅ አይነበብም። ስለዚህ ራጁም አልዋሸም፣ አንተም አልዋሸህም።

ከራስ ቅል ሥር ተነሥቶ እስከ ትከሻ ጫፍ፣ ወደ ታችም እስከ ጀርባ አጋማሽ የሚዘረጋ ሰፊ ጡንቻ አለ፤ ትራፔዚየስ ይባላል። ትከሻን ወደ ላይ የሚያነሣው የላይኛው ክፍሉ ነው። የትልቅ ሰው ጭንቅላት ደግሞ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንገታችን ቀጥ ሲል ይህን ክብደት አከርካሪ ይሸከመዋል። ወደ መኪናው መርፌ ስታጎነብስ ግን ጭንቅላትህ ፊት ለፊት ይንጠለጠላል፣ የኋላ ጡንቻዎችህም እንደ ገመድ ስበው ይይዙታል። ጡንቻ መኮማተር አይጎዳውም፣ የተፈጠረለት ሥራ ነው። የሚጎዳው ተኮማትሮ ሳይላላ ሲቀር ነው። ሲኮማተርና ሲላላ ደም ይገባል ይወጣል፤ ለሰዓታት ሲያዝ ግን በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጨመቃሉ፣ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ያኔ ይለበልባል። ፍም ያልካት ቦታ ከዚህ የመጣች ይመስለኛል። ሕመሙ ደግሞ ለአንጎል አደጋ አለ የሚል መልእክት ነው። አንጎልም ቦታውን ልጠብቅ ብሎ ይበልጥ ያጠብቀዋል። ነገሩ ዓመታት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

«ለቅቄዋለሁ» ማለትህም ስህተት አልነበረም። የሰው አንጎል ሳይለዋወጥ የሚቆይን ነገር መናገሩን ይተዋል። ጠዋት ያሰርከው የእጅ ሰዓት ከቀትር በኋላ እጅህ ላይ መኖሩ ትዝ ይልሃል? ትከሻህም እንደዚያው ነው። ከፍ ብሎ ብዙ ዓመት ስለኖረ አንጎልህ ያንን ከፍታ መነሻው አድርጎታል። በግድ ወደ ታች ስትገፋው ደግሞ ሌሎች ጡንቻዎችን አዲስ ሥራ ጨመርክባቸው እንጂ የወጠረውን አላሳረፍከውም።

ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ዕድሜውን በዚህ ላይ ነው ያሳለፈው። ዐርፈናል የሚሉ ሰዎች በተኙበት ጡንቻቸው ሲሠራ ተመለከተና፣ ሰው መወጠሩን ካላወቀ መልቀቅ አይችልም አለ። በፈረንጆች 1929 ያሳተመው ዘዴ እስከ ዛሬ ያገለግላል። እኔ ለታካሚዎቼ አሳጥሬ የምሰጠው እንዲህ ነው። ወንበር ላይ ተቀመጥ። ሁለቱን ትከሻዎችህን ሆን ብለህ ወደ ጆሮህ አንሣቸው፣ ግን እስኪያምህ አይሁን። አምስት ሰኮንድ ያህል ያዛቸው። ከዚያ በቀስታ ሳታወርድ በአንድ ጊዜ ተዋቸው፤ እንዲወድቁ። ቁም ነገሩ ያለው ከዚያ በኋላ ባለው ሃያ ሰኮንድ ውስጥ ነው። ምንም ሳታደርግ በቅድሙና በአሁኑ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ አዳምጥ። ሁለት ጊዜ ድገመው። ቀጥለህ መንጋጋህን፣ መዳፍህን፣ ሆድህን፣ ባትህን በየተራ እንደዚያ አድርግ። መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ልዩነት ላይሰማህ ይችላል፤ አትተወው።

ስለ መርፌው ደግሞ፣ ማስታገሻውን ለጥቂት ቀን ሐኪም ካዘዘው ክፉ የለውም። እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉትን በየሳምንቱ መወጋት ግን ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ውሃ በማይጠጣና ላብ በሚያፈስ ሰው ላይ አደጋው ይከፋል፤ እኛ ድሬ ሙቀት ውስጥ ይህንን ደጋግመን እናያለን።

ፈረስ መጋላ ወንድሜ፣ በዘይት መታሸትን አልቃወምም። ሙቀትና እጅ ጡንቻን ያላላሉ፣ ሰውም ያርፍበታል። ብርድም ጡንቻን ማኮማተሩ እውነት ነው፣ ግን ሦስት ዓመት የቆየን ነገር ነፋስ ብቻ አያመጣውም። አንገትን በድንገት ቀጭ ማድረግን ግን እለምንሃለሁ፣ ለማንም አትምከር። በአንገት አጥንት ውስጥ አልፎ ወደ አንጎል የሚወጣ የደም ቧንቧ አለ። ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፤ ከተሰነጠቀ ግን ስትሮክ ያመጣል።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። በመርፌ ክር ስታስገባ ጨርቁን ከዓይንህ ምን ያህል ታርቀዋለህ? ዓይንህንስ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመርከው መቼ ነው?


ሐዲዱ (ከዚራ፣ ድሬዳዋ)
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡05

ልጄ እግዜር ይስጥሽ። እኔ በምድር ባቡር 31 ዓመት ሠርቻለሁ፣ የሚበዛውን በጥገና። ሙሉ በሙሉ ፍሬኑን ያልለቀቀ ፉርጎ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ይሄዳል። ባቡሩ ስለሚጎትተው ከሌሎቹ እኩል ይሄዳል፣ ከሩቅ ለሚያይ ደህና ነው። ጣቢያ ሲደርስ ግን መንኮራኩሩ ግሎ፣ የፍሬኑ ብረት ተበልቶ ይገኛል፤ ሽታው ቀድሞት ይደርሳል። ፊዚዮዋ የጻፈችውን ሳነብ የታየኝ እሱ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሥራ ላይ ሳለሁ አልነበረም። አሮጌው መስመር ቆሞ ቤት ስቀመጥ ነው ወገቤም አንገቴም የደረቀው። እጄ ዐርፎ ሐሳቤ አላረፈም። ምን እበላለሁ፣ ልጆቼን ምን አደርጋለሁ እያልኩ ወንበሩን ጨብጬ እውል ነበር። የረዳኝ መሄድ ነው። ሙቀቱ ሳይነሣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል እወጣና ከዚራ ዛፎች ሥር ሥሩን እስከ ባቡር ጣቢያው ደርሼ እመለሳለሁ። ከዘራዬን ቤት ትቼ፣ እጆቼን አንጠልጥዬ፣ እንደፈለጉ እየተወዛወዙ። መጀመሪያ እጄ አልወዛወዝ ብሎ ነበር። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ፤ አሁን ይወዛወዛል።


ገንደ ቆሬ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

ሁሉንም ነገር ጭንቀትና ውጥረት ነው እንዳትሉ የራሴን ልናገር። ወገቤንና መገጣጠሚያዬን ለአምስት ወር ሲያመኝ ሰው ሁሉ «ባጃጅ ስለምትነዳ ነው፣ አርፈህ ተኛ» ይለኝ ነበር። እኔም አመንኩ። ሌሊት ሌሊት ግን አንሶላዬ እስኪርስ ያልበኝ ነበር፤ ትኩሳትም ይመጣል ይሄዳል። በመጨረሻ አንድ ሐኪም «ወተት ሳይፈላ ትጠጣለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። የግመል ወተት ነው የምጠጣው፣ እንደታለበ። ብሩሴሎሲስ የሚባል፣ ካልፈላ ወተት የሚይዝ በሽታ ነበር። ሁለት ዓይነት መድኃኒት፣ አንዱን ስድስት ሳምንት ሙሉ ውጬ ዳንኩ። ጡንቻዬን ሳላላ ኖሬ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።


ፊዚዮ ከሳቢያን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

ገንደ ቆሬ፣ ይህን በመጻፍህ አመሰግናለሁ፤ ከእኔ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ የቀረው እሱ ነበር።

ሌሊት ላብና ትኩሳት ካለ፣ ሰውነት ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ሕመሙ ጋደም ሲሉም ካልበረደ፣ ወይም ከመውደቅና ከአደጋ በኋላ ከመጣ ቶሎ ሐኪም ይየው። የአከርካሪ ነቀርሳ (ቲቢ) በእኛ አገር አለ፣ መጀመሪያ ላይም ተራ የጀርባ ሕመም ይመስላል። እጅ ወይም እግር ከደነዘዘና ጉልበት ካጣም እንደዚሁ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭን መካከል ያለው አካባቢ ከደነዘዘ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፣ እስከ ጠዋት አይጠበቅም። ደረትን ጨምቆ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚወጣ ሕመምም የልብ ሊሆን ስለሚችል ከትከሻ መወጠር ጋር አታምታቱት።


ከቀትር በኋላ (ድሬዳዋ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

በግልጽ የማይጠየቅ ነገር ልጠይቅ። እኔ ከ8 ሰዓት ጀምሮ በርጫ እቀመጣለሁ። በዚያ ሰዓት ትከሻዬም ወገቤም ይረሳኛል፣ ገላዬ ቀላል ይሆናል። ሌሊት ግን መንጋጋዬ፣ ማጅራቴ፣ የግራ ጎኔ ሁሉ ተጋግሮ እንቅልፍ አጣለሁ። ጫቱ መድኃኒቴ ነው ወይስ ሕመሜ?


ፊዚዮ ከሳቢያን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

ጥያቄህን አከብራለሁ። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር አለ፤ ሥራው አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል። ልብን ያፋጥናል፣ ድካምንም ያስረሳል። በርጫ ላይ ቀለል የሚልህ ለዚህ ነው፤ ጡንቻህ ግን አላረፈም። ምርቃናው ሲወርድ የተረሳው ድካም በአንድ ጊዜ ይመጣል። በዚያ ላይ መንጋጋህ ለሰዓታት ሲሠራ ውሏል፣ በግራ ክርንህ ተደግፈህም ሳትንቀሳቀስ ተቀምጠሃል። እንቅልፍ ሲጎድል ደግሞ የሕመም ስሜት ይጨምራል፤ ስለዚህ ነገ ያው ሕመም ከዛሬው የበረታ ይሆናል። ዛሬውኑ ተው ብዬ አልሰብክህም። ሰዓቱን አሳጥረው፣ ከመጨረሻው ቅጠል እስከ መኝታህ ያለውን ጊዜ አርዝመው፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተህ ጎንህን ቀይር፣ ውሃ ጠጣ። ሁለት ሳምንት እንዲህ አድርገህ እንቅልፍህ እንዴት እንደሆነ ራስህ ተመልከት።


የደቻቱ ልጅ
ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 7፡45

ያለሁበት ሰዓት ለምን እንደምጽፍ ይነግራችኋል። ትናንት ወደ ደንገጎ፣ ወደ ደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር አልተኛሁም።

በ1998 ዓ.ም.፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሌሊት የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ 13 ዓመቴ ነበር። ወንዙን ለማታውቁት፣ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። የሚሞላው ከላይ ደጋው ላይ በሚጥል ዝናብ ስለሆነ ከተማው ጠብ ሳይልበትም ሊመጣ ይችላል። ያን ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ሄደ። የእኛን ቤት ውሃው በበሩ ገብቶ በመስኮቱ ወጣ።

አሁን የምኖረው ከወንዙ ርቄ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ገላዬ እኔን ሳይጠይቅ ይዘጋጃል። ባለቤቴ አንድ ሌሊት እግሬን ነካና «ተኝተሻል?» አለኝ። ተኝቼ ነበር። ጣቶቼ ግን ወደ ላይ ተቀልብሰው፣ ባቴም እንደ እንጨት ደርቆ ነበር፤ በእንቅልፌ ልሮጥ ተነሥቻለሁ። ሆዴም እንዲሁ ነው፣ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ተስቦ ነው የሚውለው። ለዓመታት የጨጓራ መድኃኒት ወስጃለሁ።

ፊዚዮ ያለችውን ዘዴ ከዚህ በፊት ሞክሬው ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ገላዬን ማዳመጥ ስጀምር ጭራሽ ፍርሃቱ መጣብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ተውኩት።


ፊዚዮ ከሳቢያን
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡00

እህቴ፣ ጥፋትሽ አይደለም። የታወቀ ነገር ነው፤ ታካሚውን ሳንጠይቅ «ዓይንሽን ጨፍኚ» የምንል እኛ ባለሙያዎች ልንማርበት ይገባል። ገላሽ አንድ ጊዜ በጊዜ መሮጡ አትርፎሻል። ሌሊት ሌሊት ዘብ የሚቆመው ለዚያ ነው፤ በኃይል ተኛ ቢሉት አይሰማም።

ዓይንሽን አትጨፍኚ። ተቀምጠሽ እግርሽን ወለል ላይ አሳርፊ። በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ነገሮች አንድ በአንድ እያየሽ በስማቸው ጥሪያቸው፦ መጋረጃ፣ ጀበና፣ የልጅ ጫማ። ከዚያ ትንፋሽሽን ስታወጪ ካስገባሽበት አስረዝሚው። በአራት ቆጥረሽ ካስገባሽ በስድስት አውጪ። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ዘገም ይላል፤ ሰውነትን የሚያሳርፈው የነርቭ ሥርዓት የሚሠራው በዚያ ሰዓት ስለሆነ መውጫውን ማስረዘም ይጠቅማል። ትንፋሹ ከሆድ እንዲመጣ ቀሚስሽ ወገብ ላይ አይጥበቅ። ደረትና አንገት ብቻ ሲተነፍሱ የአንገት ጎን ጡንቻዎች በማያገባቸው ሥራ ይጠመዳሉ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከጨመረብሽ አቁሚ።

ከዚህ ጋር ደግሞ በአእምሮ ጤና ላይ የሚሠራ ሐኪም ወይም አማካሪ አግኚ። በእኔ እጅ ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ባለቤትሽ አንቺን ሳይቀሰቅስ እግርሽ ላይ እጁን ቢያሳርፍ ይረዳሽ እንደሆነም በቀን ተነጋገሩበት።


ባለወስፌዋ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡20

የደቻቱ ልጅ፣ አቅፌሻለሁ። ያን ጊዜ ሐረር ሆነን ድሬ ያሉ ዘመዶቻችንን ስልክ ስንሞክር ያደርንበትን ሌሊት አልረሳውም።

መንጋጋዬን ሞከርኩ። ከንፈር ገጠም፣ ጥርስ ገለል፣ ምላስ ላላ። ምላሴ ላንቃዬን ሁልጊዜ ስትገፋ እንደምትውል ዛሬ ነው ያወቅሁት።


የመኪና ግርግሩ
በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡10

ዝም ያልኩት ልሞክረው ብዬ ነው። ለሁላችሁም፣ በተለይ ለፊዚዮ፣ አላህ ይስጥልኝ።

መጀመሪያ አራት ቀን ምንም አልተሰማኝም። በአምስተኛው ቀን በመርፌ ክር ሳስገባ ራሴን ያዝኩት። ትንፋሼን ይዣለሁ። ጥርሴን ነክሻለሁ። የግራ ትከሻዬ ወጥቷል። ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ መኪናውን የምረግጥበት እግሬ ነው፤ መኪናው ቆሞ ሳለ እግሬን መርገጫው ላይ አላሳረፍኩትም፣ በአየር ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። 24 ዓመት ስሰፋ ይህን እግር በቀን ስንት ሰዓት አንጠልጥዬው እንደኖርኩ አስቡት።

ስለ ዓይን የጠየቅሽኝን በዝምታ ልሻገረው ነበር፤ ዓይኔ ደህና ነው ብዬ ስለማምን። ግን ጨርቁን ከዓይኔ ምን ያህል እንደማርቀው ለካሁት። ክር ሳስገባ አርቀዋለሁ፣ ስሰፋ ደግሞ ስፌቱ ስለሚደበዝዝብኝ ብርሃን ፍለጋ አፍንጫዬ መርፌው ላይ እስኪደርስ አጎነብሳለሁ። ሄጄ ተመረመርኩ። የቅርብ ዕይታዬ ደክሟል፤ ከ40 ዓመት በኋላ በሁሉም ሰው ላይ የሚመጣ ነው አሉኝ። አንድ ነጥብ አምስት የማንበቢያ መነጽር ገዛሁ። መነጽሩን አድርጌ የተቀመጥኩ ዕለት ጀርባዬ የወንበሩን መደገፊያ ነካ። መደገፊያ እንዳለው ረስቼው ነበር።


ፊዚዮ ከሳቢያን
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡45

ደስ አሰኘኸኝ! አንገት ዓይንን ይከተላል፤ ዓይን ካላየ አንገት ሄዶ ያያል። ሁለት ነገር ልጨምር። መቀመጫህን ክርንህ ከጠረጴዛው ጋር እኩል እስኪሆን ከፍ አድርገው። ሁለተኛ፣ የተሻለ አቀማመጥ አገኘሁ ብለህ በዚያም አትድረቅ። የትኛውም አቀማመጥ ሦስት ሰዓት ከተያዘ ያማል። ለመነሣት ደግሞ ሰዓት አትጠብቅ፣ ሥራው ውስጥ ራሱ የሚያስቆምህ ነገር ፈልግ።


ፈረስ መጋላ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ስለ ወጌሻው የጻፍኩትን እመልሰዋለሁ። የእናቴን አንገት እንዲነካላት ልወስዳት ነበር። አልወሰድኳትም። ዘይቱን ግን እቀጥላለሁ።


ከቀትር በኋላ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡20

ሁለት ሳምንቱ ገና ነው፣ ግን እውነቱን ልጻፍ። ከ11 ሰዓት በኋላ ቅጠል ያልነካሁባቸው ቀኖች አራት ናቸው። በሦስቱ ተኝቻለሁ።


የመኪና ግርግሩ
ከአንድ ወር በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10፡30

አንዳንዶቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ ልመልስ።

ሙሉ በሙሉ አልዳንኩም። ባለፈው ሳምንት የሙሽራ ሚዜዎች ልብስ ስምንት በአንድ ጊዜ መጣብኝና ፍሟ ተመልሳለች። ግን አሁን ስትመጣ ገና ስትጫር አውቃታለሁ፣ እስክትነድ አልጠብቅም። መርፌ ከተወጋሁ 40 ቀን ሆነኝ።

የሚያስቆምህ ነገር ፈልግ ያልሽኝን መኪናዬ ውስጥ አገኘሁት። የታችኛው ክር ያልቃል። ባለቀ ቁጥር ማቆም ግድ ነው። ቀድሞ እያጉረመረምኩ፣ እያጎነበስኩ ፈጥኜ እቀይረው ነበር። አሁን ክሩ ሲያልቅ እነሣለሁ፣ ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ አንሥቼ እጥለዋለሁ፣ እስከ በሩ ሄጄ መንገዱን አያለሁ፣ ከዚያ ክሩን ጠቅልዬ እቀመጣለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅም ጀመረ። ጎረቤቴ ያለው ሽማግሌ ደግሞ ሁለታችን በር ላይ ትከሻ ስንጥል አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀን፤ ነገርነው። ሐሙስ ዕለት ሦስት ሆነን ቆመን ነበር።

ኮቱ ተሰፍቷል። ልጁ እንደገና ለካኝና የፊተኛውን ልኬት ሰርዞ ሌላ ጻፈ፣ ከአንገት እስከ ትከሻ ጫፍ ያለው ተለውጧል። የቀኙን ስፖንጅ አወጣነው።


ባለወስፌዋ
እሑድ፣ ከቀኑ 11፡05

እንኳን ደስ አለህ! አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እኔም መነጽር ልገዛ ነው፤ አምፖሉን በየት በኩል ነው ያደረግከው? እኔ ከራሴ በላይ ስለሆነ ጥላዬ ሥራዬ ላይ ይወድቃል።


የመኪና ግርግሩ
እሑድ፣ ከቀኑ 11፡20

ከግራዬ፣ ከትከሻዬ ትንሽ ከፍ አድርጌ። ወስፌውን በቀኝ እጅሽ የምትይዢ ከሆነ አንቺም በግራ አድርጊው፣ የእጅሽ ጥላ ወደ ውጭ ይወድቃል። ቀን ቀን ደግሞ ወንበርሽን አዙረሽ በሩን በግራሽ አድርጊ።